የማይታየው ቁልፍ፦ ከስልክ መተግበሪያችን የተማርነው



በዚህ ዓመታዊ መጽሔት ላይ እንደ ልማዳችን አንድ የጥናት ጽሑፍ እናቀርባለን። የዘንድሮው ርዕስ ከኮምፒውተር ክበባችን የመጣ ነው። በስልክ መተግበሪያ ላይ የሚገኙ ቁልፎችንና ሌሎች መቆጣጠሪያዎችን ብርሃን አሳላፊ ማድረግ ምን ማለት እንደሆነ፣ እንዴት እንደሚሠራና ምን ጥንቃቄ እንደሚፈልግ እናያለን። ርዕሱ ኮድ ለሚጽፉ ልጆች ብቻ የሚጠቅም ሊመስል ይችላል። ነገር ግን በዚህ የትምህርት ዓመት አንዲት የ2ኛ ክፍል ተማሪያችን የት እንዳለች ሳናውቅ ሁለት ሰዓት ያህል ያለፈው በዚሁ ጉዳይ ምክንያት ስለሆነ፣ ወላጆችም አብራችሁን እንድታነቡ እንጠይቃለን።

የሆነው ነገር

የክበባችን አባላት ለወላጆች የሚያገለግል ትንሽ የአንድሮይድ መተግበሪያ ሠርተው ነበር። የመጀመሪያው ገጽ ሦስት ቁልፎች አሉት፤ «የቤት ሥራ»፣ «መልእክት ለመምህር» እና «ልጄ አይመጣም» የሚሉ። ከቁልፎቹ በስተጀርባ፣ ናይሮቢ በጃካራንዳ አበባ በምትደምቅበት ወቅት የተነሣ የግቢያችን ፎቶግራፍ ነበረ። ልጆቹ ፎቶው እንዳይሸፈን ብለው ቁልፎቹን ብርሃን አሳላፊ አደረጓቸው። በአዳራሽ ውስጥ፣ መጋረጃው ተዘግቶ፣ በፕሮጀክተር ሲያሳዩን በጣም አማረን። አጨበጨብን፤ በዚያው ቀንም ለወላጆች እንዲሰጥ ፈረምን።

የመጀመሪያው ችግር የታየው በወላጆች ቀን ነው። ግቢ ውስጥ፣ በቀትር ፀሐይ፣ የልጅ ልጃቸውን የሚያሳድጉ አንዲት እናት ስልካቸውን አቅርበውም አርቀውም ካዩት በኋላ፣ «ፎቶውስ ያምራል፤ የሚነካው ግን የቱ ጋ ነው ልጆቼ?» ብለው ጠየቁን። እኛም ፀሐዩ ነው ብለን ወደ ጥላ ወሰድናቸው፤ ቁልፉንም በጣታችን አሳየናቸው። እኚህ እናት የነገሩን ትልቅ ነገር መሆኑን ያን ጊዜ አላስተዋልንም።

ሁለተኛው ችግር የባሰ ነበር። «ልጄ አይመጣም» የሚለው ቁልፍ እንዲታይ የታሰበው ጠዋት ከ12 እስከ 2 ሰዓት ብቻ ነው። በቀረው ጊዜ ጨርሶ እንዳይታይ ተደርጎ ነበር። አንድ አባት ማታ የቤት ሥራ ለማየት ገጹን ሲያንሸራትቱ ጣታቸው ያንን ባዶ የሚመስል ቦታ ነካ። መተግበሪያውም ልጃቸው በማግሥቱ እንደማትመጣ ለትምህርት ቤቱ አሳወቀ። አባትየው ምንም አላወቁም፤ ጠዋት ልጃቸውን እንደ ወትሮው ሰርቪስ ላይ አሳፈሩ። ልጅቷ ደግሞ ከትላልቅ ልጆች ጋር በሌላ ትምህርት ቤት በር ላይ ወረደች።

በደንባችን መሠረት፣ አንድ ልጅ ሳያሳውቅ ከቀረ ስም ከተጠራ በኋላ በግማሽ ሰዓት ውስጥ ወደ ቤት እንደውላለን። ያን ዕለት ግን የክፍሉ መምህርት ዝርዝሩን ሲያዩ «ወላጅ አሳውቋል» ይላል። ስለዚህ «በፈቃድ» ብለው መዘገቡ፤ ማንም አልደወለም። 4 ሰዓት ሲሆን የዚያኛው ትምህርት ቤት ጥበቃ ልጅቷን እጇን ይዘው በራችን ላይ አደረሷት። አልቅሳ ዓይኗ አብጦ ነበር፤ ከዚያ በስተቀር ደህና ነበረች፤ እግዚአብሔር ይመስገን። አባትየው ሲደወልላቸው፣ «ኧረ እኔ ምንም የላክሁት ነገር የለም» አሉ። እውነታቸውን ነበር።

በማግሥቱ ክበቡ ተሰበሰበና ኮዱ ተመረመረ። ያንን ክፍል የጻፈው የ10ኛ ክፍል ተማሪ አንገቱን ደፍቶ፣ «እኔ እኮ ጠፍቷል ብዬ ነበር» አለ። የዚህ ጽሑፍ ትምህርት በሙሉ በዚህ አንድ ዓረፍተ ነገር ውስጥ አለ። በስክሪን ላይ አለመታየትና አለመኖር የተለያዩ ነገሮች ናቸው።

ብርሃን አሳላፊነት ምንድን ነው?

ስስ ነጠላ በጠረጴዛ ልብስ ላይ ብናነጥፍ የጠረጴዛው ልብስ ቀለም ከነጠላው ነጭ ጋር ተቀላቅሎ ይታየናል። ነጠላውን አጥፈን ብንደርበው ከሥሩ ያለው ቀለም ይደበዝዛል። በምትኩ ወፍራም ብርድ ልብስ ብናነጥፍበት ምንም አይታይም። ስክሪን ላይም ቁልፍ፣ ጽሑፍና ሥዕል እንዲሁ በላይ በላይ የተነጠፉ ናቸው። ከላይ ያለው ከሥሩ ያለውን ምን ያህል እንደሚያሳልፍ የሚወስነው ቁጥር «አልፋ» ይባላል።

አልፋ ከ0 እስከ 1 ይለካል። 1 ማለት ድፍን ነው፤ ከሥሩ ያለው ፈጽሞ አይታይም። 0 ማለት ሙሉ በሙሉ አሳላፊ ነው፤ የላይኛው ፈጽሞ አይታይም። በመካከል ያለው ሁሉ ከፊል አሳላፊ ነው። ሐሳቡ የመጣው ከፊልምና ከሥዕል ሥራ ነው። ኤድ ካትሙልና አልቪ ሬይ ስሚዝ በ1970ዎቹ መጨረሻ ኒው ዮርክ ውስጥ ከቀይ፣ ከአረንጓዴና ከሰማያዊ ቀጥሎ አልፋን አራተኛ የቀለም መረጃ አድርገው አዘጋጁት። እ.ኤ.አ. በ1984 ደግሞ ቶማስ ፖርተርና ቶም ደፍ ሥዕሎች አንዱ በሌላው ላይ የሚደረቡበትን ሕግ በጥናት ጽሑፍ አቀረቡ። ዛሬ በእያንዳንዳችን ኪስ ያለው ስልክ በዚያው ስሌት ይሠራል።

ስሌቱን የ9ኛ ክፍል ተማሪ በደብተሩ ሊሠራው ይችላል፦

የሚታየው ቀለም = አልፋ × የላይኛው ቀለም + (1 − አልፋ) × የሥረኛው ቀለም

በስልክ ላይ የቀለም ብርታት ከ0 (ጥቁር) እስከ 255 (ነጭ) ይቆጠራል። ነጭ ቁልፍ (255) በግራጫ ፎቶ (100) ላይ አለ እንበል፤ አልፋው 0.3 ቢሆን፦ 0.3 × 255 + 0.7 × 100 = 76.5 + 70 = 146.5። ዓይናችን የሚያየው ነጭም ዋናውን ግራጫም ሳይሆን በመካከላቸው ያለ ቀለም ነው።

ቁልፉ ይሳሳ ወይስ ጀርባው?

ልጆቻችን የሠሩት የመጀመሪያ ስሕተት እዚህ ላይ ነው። በአንድሮይድ አንድን ቁልፍ አሳላፊ ማድረጊያ ሁለት ዋና መንገዶች አሉ።

የመጀመሪያው የቁልፉን የራሱን አልፋ መቀነስ ነው። ቀላል ነው፤ አንድ መስመር ኮድ ይበቃዋል። ነገር ግን ቁልፉ ከነጽሑፉ፣ ከነምልክቱ አብሮ ይሳሳል። ከላይ ባየነው ቁልፍ ላይ ጥቁር ጽሑፍ (0) ቢኖር፣ ጽሑፉ 0.3 × 0 + 0.7 × 100 = 70 ይሆናል። ቁልፉ 146.5፣ ጽሑፉ 70። በፊት በመካከላቸው የነበረው ልዩነት 255 ነበር፤ አሁን 76.5 ብቻ ቀረ። ልብ በሉ፤ 76.5 ማለት 0.3 × 255 ነው። አልፋውን ስንቀንስ ጽሑፉ ከቁልፉ የሚለይበት መጠን በዚያው ልክ ይቀንሳል። አያትየው ያላዩት ይህንን የጠፋ ልዩነት ነው። ጥፋቱ የፀሐዩም የዕድሜያቸውም አልነበረም።

ሁለተኛው መንገድ የቁልፉን የጀርባ ቀለም ብቻ ማሳሳት ነው። ጽሑፉ ድፍን ሆኖ ይቀራል። በአንድሮይድ ቀለም የሚጻፈው በአራት ጥንድ አሃዞች ነው። የመጀመሪያው ጥንድ አልፋ፣ ተከታዮቹ ሦስቱ ቀይ፣ አረንጓዴና ሰማያዊ ናቸው። አሃዞቹ የሚቆጠሩት በ16 ቤት ነው። ለምሳሌ 99000000 ብንጽፍ፣ 99 በ16 ቤት 9 × 16 + 9 = 153 ነው፤ 153 ÷ 255 = 0.6። ስለዚህ ይህ ቀለም 60 በመቶ ድፍን የሆነ ጥቁር ነው። 33000000 ደግሞ 20 በመቶ ብቻ ድፍን የሆነ ጥቁር ነው፤ 00000000 ፈጽሞ የማይታይ። ድረ ገጽ የሚሠሩ ልጆች አንድ ነገር ይጠንቀቁ፤ በድረ ገጽ ቀለም አጻጻፍ የአልፋ ጥንድ የሚመጣው በመጨረሻ ነው። ከአንዱ ወደ ሌላው ቀድቶ መለጠፍ የተሳሳተ ቀለም ያመጣል።

ለማንበብ ምን ያህል ይበቃል?

«እኔ ይታየኛል» ማለት መለኪያ አይሆንም። መለኪያ አለ። የድረ ገጽ ደረጃዎችን የሚያወጣው ዓለም አቀፍ ማኅበር እ.ኤ.አ. በ2008 ባወጣው የተደራሽነት መመሪያ፣ በጽሑፍና በጀርባው መካከል ያለው የብርሃን ንጽጽር ቢያንስ 4.5 ለ1 እንዲሆን፣ ትልልቅ ፊደላት ከሆኑ ደግሞ ቢያንስ 3 ለ1 እንዲሆን ይጠይቃል። ተመሳሳይ ቀለሞች 1 ለ1 ናቸው፤ ጥቁርና ነጭ 21 ለ1። የስልክ መተግበሪያ የሚሠሩ ባለሙያዎችም ይህንኑ መለኪያ ይጠቀማሉ።

እስቲ በራሳችን ገጽ ላይ እንፈትነው። ጽሑፉ ነጭ፣ የቁልፉ ጀርባ አሳላፊ ጥቁር ነው እንበል። ፎቶ ላይ ከሁሉ የሚያስቸግረው ለነጭ ጽሑፍ ነጭ ደመና ነው፤ ስለዚህ ከሥር ንጹሕ ነጭ (255) አለ ብለን ክፉውን እንውሰድ።

አልፋው 0.2 ከሆነ ጀርባው 204 ይሆናል፤ ንጽጽሩ 1.6 ለ1 ገደማ ነው። ይህ አይነበብም።

አልፋው 0.5 ከሆነ ጀርባው 127 ገደማ ይሆናል፤ ንጽጽሩ 4 ለ1 ገደማ ነው። ተቃርቧል፤ ግን መለኪያውን አያልፍም።

አልፋው 0.6 ከሆነ ጀርባው 102 ይሆናል፤ ንጽጽሩ 5.7 ለ1 ገደማ ነው። ያልፋል።

እንግዲህ 0.6 ላይ ቆመን ፎቶውንም ማሳየት፣ ጽሑፉንም ማስነበብ እንችላለን። ውበትን መተው አላስፈለገንም፤ ማስላት ብቻ ነበረብን። ይህ ስሌት የሚሠራው ግን ጽሑፉ ድፍን ነጭ ሆኖ ሲቀር ነው። የቁልፉን የራሱን አልፋ ከቀነስን ወደ መጀመሪያው ስሕተት እንመለሳለን።

አለመታየትና አለመኖር

አሁን ወደ ከባዱ ጉዳይ እንምጣ። በአንድሮይድ አንድን ቁልፍ ከዓይን የምንሰውርባቸው ሦስት መንገዶች አሉ። ለዓይን ሦስቱም አንድ ይመስላሉ፤ ለጣት ግን አንድ አይደሉም። በክፍል ስም ጥሪ ብናስበው በቀላሉ ይገባናል።

አንደኛው፣ አልፋን 0 ማድረግ ነው። ይህ መጋረጃ ጀርባ እንደ ተቀመጠ ተማሪ ነው። አይታይም፤ ስሙ ሲጠራ ግን «አቤት» ይላል። ቁልፉ ቦታውን ይዟል፤ ጣት ሲነካው ይሠራል።

ሁለተኛው፣ የመታየት ሁኔታውን «ኢንቪዚብል» ማድረግ ነው። ይህ ያልመጣ፣ ወንበሩ ግን የተጠበቀለት ተማሪ ነው። ቦታው ባዶ ሆኖ ይቆያል፤ ቢጠራም የሚመልስ የለም። ቁልፉ ንክኪ አይቀበልም።

ሦስተኛው፣ «ጎን» የሚባለው ነው። ይህ መልቀቂያ ወስዶ የሄደ ተማሪ ነው። ወንበሩ ይነሣል፤ ሌሎቹ ይጠጋጋሉ። ቁልፉ ቦታም አይይዝም፤ ንክኪም አይቀበልም።

ተማሪያችን የተጠቀመው የመጀመሪያውን ነበር። ጠፍቷል ያለው ቁልፍ መጋረጃ ጀርባ ተቀምጦ «አቤት» ይል ነበር።

ሌሎች መሣሪያዎች ላይ ሕጉ ይለያያል። በአይፎን አልፋው ከ0.01 በታች የሆነ መቆጣጠሪያ ንክኪ አይቀበልም። በፍላተር ለሚሠሩ ደግሞ «ኦፓሲቲ» 0 ቢሆንም ንክኪ ይቀበላል፤ ለብቻው መከልከል ያስፈልጋል። ስለዚህ አንድ ቦታ የተማርነውን ሌላ ቦታ ሳንፈትን አንጠቀምበት።

ይህ ነገር ለክፉ ሥራም ይውላል። አጭበርባሪዎች በሌላ መተግበሪያ ላይ የማይታይ ወይም አሳሳች ንጣፍ ደርበው፣ ሰው ያላሰበውን ቁልፍ እንዲነካ ያደርጋሉ። እ.ኤ.አ. በ2021 የወጣው አንድሮይድ 12 ከዚህ ለመከላከል፣ ከሌላ መተግበሪያ በመጣና የድፍንነት መጠኑ ከ0.8 በላይ በሆነ ንጣፍ ውስጥ አልፎ የሚመጣ ንክኪን ይከለክላል። ቁጥሩ እንደሚያሳየው ግን ስስ ንጣፍ አሁንም ሊያልፍ ይችላል። ወላጆች፣ የማታውቁት መተግበሪያ «በሌሎች መተግበሪያዎች ላይ መታየት» የሚል ፈቃድ ቢጠይቃችሁ አትፍቀዱ።

ምን አስተካከልን?

«ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል» ይላሉ አባቶቻችን። ከዚያ በኋላ ሳንሮጥ አምስት ነገር አደረግን።

1. የቁልፎቹ ጽሑፍ ድፍን ሆነ፤ ጀርባቸው ብቻ 60 በመቶ ጥቁር ሆነ።
2. «ልጄ አይመጣም» የሚለው ቁልፍ ከሰዓቱ ውጭ «ጎን» ሆነ። ሲነካም ወዲያው አይልክም፤ የልጁን ስምና ቀኑን ጠቅሶ «ልላክ?» ብሎ ይጠይቃል።
3. መልእክቱ ሲደርሰን ለወላጁ በአጭር የጽሑፍ መልእክት መልስ ይሄዳል። ያልላኩ ወላጅ ወዲያው ያውቃሉ ማለት ነው።
4. የክፍል መምህራን «ወላጅ አሳውቋል» የሚል ቢያዩም፣ ከ4ኛ ክፍል በታች ላሉ ልጆች ጽሕፈት ቤቱ ይደውላል። መተግበሪያ ሰውን ያግዛል እንጂ ሰውን አይተካም።
5. ማንኛውም የክበቡ ሥራ ከመጽደቁ በፊት ግቢ ውስጥ፣ በቀትር፣ በአሮጌ ስልክ ይፈተናል። የመጀመሪያዋ ፈታኛችን እንዲሆኑ እኚያን አያት ጠየቅናቸው፤ እሺ ብለውናል። ሁለት ጊዜ መጥተው፣ አንዱን ገጽ «ይኼ አይታየኝም» ብለው መልሰውታል።

ተማሪው ከዚያ ቀን በኋላ ክበቡን ሊተው ነበር። ጠርተን አነጋገርነው። ኮዱን የጻፈው እሱ ነው፤ ጨለማ ክፍል ውስጥ አይተን የፈረምነው ግን እኛ ነን። የአያትየውን ጥያቄ ሰምተን ያለፍነውም እኛው ነን። የ10ኛ ክፍል ልጅ አልፋን ከ«ጎን» ባይለይ የመማር ጉዳይ ነው። አዋቂዎች ሳይፈትኑ ማጽደቃቸው ግን የኃላፊነት ጉዳይ ነው። ለልጅቷ ወላጆችም ይህንኑ ነግረን ይቅርታ ጠይቀናል። ተማሪው በአሁኑ ጊዜ የስም ጥሪውን ምሳሌ ለ8ኛ ክፍል ጀማሪዎች የሚያስረዳው እሱ ነው፤ ምሳሌውንም ያገኘነው ከእሱ ነው።

መልመጃ

1. ነጭ ቁልፍ (255)፣ አልፋው 0.4፣ በ50 ግራጫ ላይ አለ። የሚታየው ቀለም ስንት ነው?
2. እያንዳንዳቸው አልፋቸው 0.5 የሆነ ሁለት ጥቁር ንጣፎች ቢደረቡ ጠቅላላ ድፍንነታቸው ስንት ይሆናል? ብዙዎች 1 ይላሉ፤ እናንተ ግን በነጭ (255) ላይ አስሉት።
3. 66000000 የሚለው ቀለም ስንት በመቶ ድፍን ነው?
4. ፈተና ያለቀበትን ሰዓት ተከትሎ «መልስ አስገባ» የሚለው ቁልፍ እንዲሰወር ተፈለገ። ከሦስቱ መንገዶች የትኛውን ትመርጣላችሁ? ለምን?

መልስ፦ 1) 132። 2) 0.75፤ ነጩ መጀመሪያ 127.5፣ ቀጥሎ 63.75 ይሆናል፤ የቀረው ሩብ ብርሃን ነው። 3) 40 በመቶ። 4) አልፋ 0 አይሆንም። «ኢንቪዚብል» ወይም «ጎን» ይሆናል፤ ሌሎቹ ቁልፎች ቦታቸውን እንዳይለቁ ከተፈለገ «ኢንቪዚብል» ይሻላል። ከዚህም በላይ፣ ሰዓቱ ካለፈ በኋላ የሚመጣ መልስ ተቀባዩ ኮምፒውተር ላይም መከልከል አለበት።

ውድ ተማሪዎች፣ በሚቀጥለው ዓመት ብዙዎቻችሁ የራሳችሁን መተግበሪያ ትሠራላችሁ። የምትሠሩት ገጽ እንዲያምር መመኘታችሁ መልካም ነው። ከመጨረሳችሁ በፊት ግን ስልኩን ይዛችሁ ወደ ፀሐይ ውጡ፤ ለእናታችሁ ወይም ለአያታችሁ ስጧቸውና ምንም ሳትናገሩ ጣታቸው የት እንደሚያርፍ ተመልከቱ።

መልካም የዕረፍት ጊዜ ይሁንላችሁ።